ዱካችንን የያዙ ተቋማት መልስ ይስጡ

እንጅባራ ወይም ዳንግላ ውስጥ አንድ ገበሬ የመጀመሪያውን ተች ስልክ ሲገዛ ሱቁ ውስጥ የሚሆነውን ብዙዎቻችን አይተነዋል። ሻጩ ካርቶኑን ይከፍታል፤ ሲሙን ያስገባል፤ ስክሪን ፕሮቴክተር ለጥፎ በጣቱ ጫፍ አየሩን ያስወጣል። ከዚያ ስልኩ ጂሜይል ይጠይቃል። ገዢው ጂሜይል የለውም። ሻጩ የመጣለትን ስም ጽፎ ይከፍትለታል፤ ወይም ለብዙ ደንበኛ የሚጠቀምበትን አንድ አድራሻ ያስገባል። ፓስወርዱን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ ማረጋገጫ የሚላክበት ስልክ ቁጥርም የእሱ ነው። ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ኢሞ ይጭናል፤ «ያሉበትን ቦታ እንዲያውቅ ይፈቅዳሉ?» የሚል ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሳያነብ እሺ ይላል። ገበሬው ሒሳቡን ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ስልኩን ደረት ኪሱ ከትቶ ይወጣል።

ስልኩ የገበሬው ሆኗል። አካውንቱ ግን ሱቁ ውስጥ ቀርቷል። የዚያን ጂሜይል ፓስወርድ የያዘ ሰው ጎግል የጠፋ ስልክ ለመፈለጊያ ባዘጋጀው አገልግሎት ገብቶ ስልኩ የት እንዳለ በካርታ ላይ ማየት፣ ማስጮህ፣ መቆለፍ፣ በውስጡ ያለውንም ሁሉ ማጥፋት ይችላል። ፎቶና የስልክ ማውጫ በዚያው አካውንት እየተቀመጠ ከሆነ ያንንም ያያል። ለዚህ የጠለፋ ሙያ አያስፈልግም። ቤት ሠርቶ ያስረከበ አናጢ የበሩን ቁልፍ ግልባጭ ይዞ እንደ መቅረት ነው፤ አናጢው ደግ ሰው ቢሆን እንኳ ቁልፉ እሱ ዘንድ መቆየት የለበትም።

ይህን ያነሣነው ስልክ ሻጮቻችንን ለመክሰስ አይደለም። አብዛኞቹ ይህን የሚያደርጉት ደንበኛቸውን ለመርዳት ነው፤ ሌላ መንገድ ያሳያቸውም የለም። ጥያቄያችን ከሱቁ ባንኮኒ ከፍ ይላል። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ይህ ነው፦ ሰው የሚገኝበትና የዋለበት ቦታ የራሱ ጉዳይ ነው። ያንን የሚያውቅ ሱቅም ሆነ ኩባንያ ወይም መሥሪያ ቤት ምን እንደያዘ፣ እስከ መቼ እንደሚያቆየውና ለማን እንደሚሰጠው ለባለቤቱ የመንገር ግዴታ አለበት። ግዴታው በአገሪቱ ሕግ ተጽፏል። እንጅባራና ዳንግላ ወዳሉበት አዊ ዞን ግን ገና አልደረሰም።

ጉዳዩን በሌላ ጊዜ ብናነሣው ኖሮ የከተሜ ቅንጦት ሊመስል ይችል ነበር። ዛሬ አይመስልም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ያልፋል። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ለሥራ ወደ ጃዊ የሚወርደው ወጣት የሚመላለሱት በዚሁ አካባቢ መንገዶች ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ለማስለቀቂያ ገንዘብ ሲባል ስለሚፈጸም እገታ በተደጋጋሚ አሳስቧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከብት ሸጦ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ ሰው ስንት ሰዓት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ማወቅ ለክፉ ሰው ትልቅ ሀብት ነው። ተጣልታ ከቤት የወጣች ሴት የት እንዳረፈች፣ ምስክር የሆነ ሰው የት እንደሚያድር፣ ሰው ከማን ጋር እንደሚሰበሰብ የሚያሳይ መረጃም እንዲሁ ነው። የቦታ መረጃ ሲወጣ እንደ ገንዘብ ተመልሶ አይከፈልም።

«ሎኬሽን አጥፍቻለሁ፤ ማንም አያየኝም» የሚሉ ወዳጆች ብዙ አሉን። ነገሩን በግልጽ እናስረዳ። ጂፒኤስ ራሱ ስለ እኛ ለማንም አይናገርም። ስልካችን ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ይቀበላል፤ ከዚያም ያለበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ሳተላይቱ እኛን አያውቀንም። የተሰላውን ቦታ በዳታ ወደ ውጭ የሚልኩት አፖቹ ናቸው፤ ፈቃድ ያገኙት በዚያች ሱቅ ውስጥ «እሺ» ሲባልላቸው ነው። ሎኬሽን ማጥፋት በዚህ በኩል በእርግጥ ይጠቅማል።

ሁለተኛው መንገድ ግን በእኛ እጅ አይጠፋም። የተከፈተ ስልክ ሁሉ፣ ባለ ቁልፉ ተራ ስልክም ቢሆን፣ በአቅራቢያው ካለ የኔትወርክ ማማ ጋር ይገናኛል። ካልተገናኘ ሲደወልልን ሊጠራ አይችልም። ስንደውል፣ መልእክት ስንልክ፣ ሲደወልልን የትኛው ማማ እንዳስተናገደን በኩባንያው ኮምፒውተር ይመዘገባል። ከተማ ውስጥ ማማዎቹ ስለሚቀራረቡ ቦታው ጠበብ ብሎ ይታወቃል፤ ገጠር ላይ ይሰፋል። ሆኖም ሰውየው ትናንት ቲሊሊ እንደነበር፣ ዛሬ ጠዋት ቻግኒ እንደደረሰ ለማወቅ ከበቂ በላይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በክልላችን የሞባይል ዳታ በተዘጋበት ረጅም ጊዜ ሕዝቡ ኢንተርኔት አጥቶ ነበር፤ ስልኩ ግን በብዙ ቦታ ይጠራ ነበር። ስልክ እስከተጠራ ድረስ የማማው ምዝገባ አይቋረጥም። ከዓለም ጋር ተቆራርጠን በነበረበት ጊዜም በዚህ በኩል እንታይ ነበር ማለት ነው። ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ስም ካልተጻፈበት ምን ችግር አለው የሚል ይኖራል። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወራት የስልክ እንቅስቃሴ መርምሮ ነበር። ስም ባይኖርም፣ አንድ ሰው በአራት የተለያዩ ሰዓቶች የት እንደነበር ካወቁ ከመቶ 95ቱን ሰዎች ለይቶ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። አንድ መምህርት ማታ የምታድርበትን ቀበሌ፣ ጠዋት የምትገባበትን ትምህርት ቤት፣ እሑድ የምትሳለምበትን ደብር ያስቡ። እንደ እንጅባራ ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ሦስቱ ብቻ ይበቃሉ።

ለተሽከርካሪ የሚገጠመው ጂፒኤስ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። የአይሱዙ፣ የሚኒባስና የኮንትራት መኪና ባለንብረቶች መሣሪያውን ማስገጠም ለምደዋል፤ ለመኪና ስርቆት ጥሩ መድኃኒት መሆኑን እኛም እናምናለን። በመሣሪያው ውስጥ ሲም ካርድ አለ፤ መኪናው የት እንዳለ በየጊዜው ወደ አንድ ሰርቨር ይልካል፤ ባለንብረቱ በስልኩ ከፍቶ ያያል። ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላ አገር ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሚኮደስ በተባለ የቻይና አምራች መሣሪያ ላይ ከባድ ክፍተቶች እንዳሉ አስጠነቀቀ። ክፍተቶቹን ያገኙት ተመራማሪዎች እንዳሉት የኩባንያው መሣሪያዎች በ169 አገሮች 1.5 ሚሊዮን ተሽከርካሪዎች ላይ ተገጥመዋል። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ፓስወርዱ 123456 ነው፤ ብዙ ተጠቃሚም አልቀየረውም። በዚህ የተነሣ የማያውቁት ሰው የመኪናውን ጉዞ ቤቱ ተቀምጦ መከተል ይችላል። በከተሞቻችን መኪና ላይ የተገጠሙት የየትኛው አምራች እንደሆኑ፣ ፓስወርዳቸውስ ተቀይሮ እንደሆነ ባለንብረቶች ዛሬውኑ ገጣሚያቸውን ይጠይቁ። ሾፌሩስ? ሥራ ጨርሶ መኪናውን ይዞ ቤቱ ሲገባ፣ ዘመድ ሲጠይቅ፣ ጸበል ሲሄድ እየታየ እንደሆነ ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባል። መኪናው የባለንብረቱ ነው፤ የሾፌሩ የግል ሕይወት ግን በደመወዙ ውስጥ አልተሸጠም።

ቴሌግራምንም ሳንጠቅስ አናልፍም፤ በአገራችን ያልጫነው ጥቂት ነውና። «በአቅራቢያ ያሉ ሰዎች» ይባል የነበረው አገልግሎት የማያውቁት ሰው ምን ያህል ሜትር እንደሚርቅዎት ያሳይ ነበር፤ ከሦስት ቦታ ሆኖ የለካ ሰው ትክክለኛውን ሥፍራ ማውጣት ይችል ነበር። ኩባንያው አገልግሎቱን ያነሣው በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አሁንም በስልክ የተነሣ ፎቶ፣ የካሜራው ሎኬሽን በርቶ ከሆነ፣ የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ይቀመጣል፤ በፋይል መልክ ከተላከም ቦታው አብሮ ይሄዳል። ጥር 23 ቀን በሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የተነሣ ፎቶ ቦታው ቢታወቅ ጉዳት የለውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ቤት ውስጥ የተነሣ የሕፃን ፎቶ ግን የቤቱን አድራሻ ይዞ ለማያውቁት ሰው ሊደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ተቋማቱ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፤ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችም እንደማይደፈሩ በግልጽ ይናገራል። ይህ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ ድንጋጌ ነው። ድንጋጌው ቢኖርም ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የጸጥታ ሰዎች የዜጎችን የስልክ መዝገብ ያለ ፍርድ ቤት ቁጥጥር እንደልባቸው ያገኙ እንደነበር፣ በምርመራ ላይም ያንኑ መዝገብ በተያዙት ሰዎች ፊት ያስቀምጡ እንደነበር ጽፏል። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው የቴሌኮም ኩባንያ አንድ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ አዘዘ። ክትትል በፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲሆን ቢደነግግም፣ አስቸኳይ በሚባል ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ተጀምሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ በር ትቷል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጸደቀ። በአገራችን የመጀመሪያው ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል። ዜጋ ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የመጠየቅ፣ የማየት፣ የማስታረም መብት አለው። መረጃ የሚሰበስብ አካል ለምን እንደሚሰበስብ መናገርና ጠብቆ መያዝ ይጠበቅበታል። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ፍርዳችንን እንናገር። አዋጁ ጥሩ ነው፤ ዳንግላ ላይ ግን እስካሁን የወረቀት መብት ነው። ሲም ካርድ ለማውጣት የመታወቂያውን ኮፒ የሚሰጥ ሰው ኮፒው የት እንደሚቀመጥ አይነገረውም። የዋልኩበትን ቦታ ስንት ጊዜ መዝግባችኋል፣ ለማንስ ሰጥታችኋል ብሎ የሚጠይቅበትን መስኮት የሚያሳየው የለም። ጉዳት ከደረሰበት ቅሬታውን የሚሰማ ቢሮ በዞኑ ሲፈልግ ይውላል። አዲስ አበባ ላይ የተጻፈ መብት ለማስከበር ከእንጅባራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ የሚያስፈልግ ከሆነ መብቱ ለባለጸጋ ብቻ የተሰጠ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከብዳል። ኢትዮ ቴሌኮም በአብዛኛው የመንግሥት ንብረት ነው። መረጃውን የሚጠይቁት ፖሊስና የጸጥታ ተቋማት የመንግሥት ናቸው። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣንም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሰጪውም ተቀባዩም ተቆጣጣሪውም አንድ ቤት ሲሆኑ ሕዝቡ «እመኑን» በሚል ቃል ብቻ ሊረጋጋ አይችልም፤ ማየት አለበት። የሚታይበት መንገድ ደግሞ አለ። ቮዳፎን በ2006 ዓ.ም. በ29 አገሮች ውስጥ መንግሥታት የደንበኞችን መረጃ እንዴትና ምን ያህል ጊዜ እንደጠየቁት፣ ሕጉ በፈቀደለት መጠን፣ በይፋ አሳትሟል። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሠራው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የቮዳፎን ቤተሰብ በመሆኑ ልምዱ ለእሱ እንግዳ አይደለም። ሁለቱም ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ዘገባ በየዓመቱ እንዲያወጡ ባለሥልጣኑ በመመሪያ ሊያስገድዳቸው ይገባል። የምንጠይቀው የማንንም ስም የሌለበት ቁጥር ነው፦ ስንት ጥያቄ ቀረበ፣ ስንቱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበረው፣ ስንቱ ውድቅ ሆነ።

የቦታ መረጃ ሕይወት እንደሚያድንም አንክድም። የታገተ ሰው የሚፈለገው፣ የተሰረቀ ስልክ የሚያዘው፣ መንገድ ላይ የቀረች ወላድ አምቡላንስ የሚደርስላት በዚሁ ነው። ፖሊስ ወንጀለኛን በስልኩ ዱካ ቢከተል እናግዘዋለን። ግን በዳኛ ፈቃድ ይሁን። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2010 ዓ.ም. የካርፔንተርን ጉዳይ ሲወስን ከፊቱ የቀረበው ተራ የሱቅ ዘራፊ ነበር። መርማሪዎች የ127 ቀን የስልክ መዝገቡን ያለ በቂ የዳኛ ትእዛዝ ወስደው 12,898 ቦታዎችን አግኝተው ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን ያህል የሰው ሕይወት ያለ ብርበራ ፈቃድ መውሰድ አይቻልም አለ። ኩባንያዎቹም ነፃ አልሆኑም፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የዚያው አገር የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የደንበኞቻቸውን ቦታ ያለ ፈቃዳቸው ለሦስተኛ ወገን በሸጡ የስልክ ኩባንያዎች ላይ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ጥሏል። ኩባንያ በገዛ ፈቃዱ አይታቀብም፤ የሚያስታቅበው የሚቀጣው አካል ሲኖር ነው።

በዞናችን ዛሬ ሊጀመር የሚችለው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። የከተሞቹ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ስልክ ሻጮችንና ጠጋኞችን ሰብስበው አንድ ደንብ ያስገቧቸው፦ ጂሜይል የሚከፈተው በገዢው ስልክ ቁጥር ይሁን፣ ፓስወርዱን ገዢው ራሱ ወይም የሚያምነው ልጁ ይጻፈው፣ ለጥገና የሚመጣ ስልክ ፓተርኑ ወረቀት ላይ ተጽፎ አይለጠፍበት። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች በገበያ ቀን ጠረጴዛ ዘርግተው የሰዉን ስልክ ከሻጭ አካውንት ቢያላቅቁ ከብዙ ሥልጠና የበለጠ አገልግሎት ነው። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በአውንግኛ ያሰራጫል፤ አዋጁ ለሰዎቻችን የሰጠው መብት በዚያ ቋንቋ ይነገር። እናቶቻችን ስልክ ይይዛሉ፤ የአዋጅ አማርኛ ግን ለሁሉም አይገባም።

አንባቢም ድርሻ አለው። ስልክዎን ከፍተው አካውንቱ በማን አድራሻና ስልክ ቁጥር እንደሆነ ይዩ፤ የማያውቁት ከሆነ ፎቶና ቁጥሮችዎን አስቀምጠው በራስዎ ይቀይሩ። ሎኬሽን የተፈቀደላቸውን አፖች አንድ በአንድ ተመልክተው የማያስፈልጋቸውን ይከልክሉ፤ የካርታ አፕ ያስፈልገዋል፣ የባትሪ መብራት አፕ አያስፈልገውም። ብሉቱዝና ዋይፋይ ሲጨርሱ ያጥፉ። ነገር ግን ማማው የሚመዘግበውን ዜጋ ብቻውን ሊከላከለው አይችልም፤ እሱ የተቋማት ዕዳ ነው።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጁ መሠረት የግል መረጃ ቅሬታ የሚቀበል ሰው እንጅባራ ላይ እንዲመድብ፣ ሁለቱ የቴሌኮም ኩባንያዎችም ስለ ደንበኞቻቸው ቦታ ምን እንደሚመዘግቡ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆዩና በማን ትእዛዝ አሳልፈው እንደሚሰጡ በአማርኛና በአውንግኛ በየአገልግሎት ማዕከላቸው ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ እንጠይቃለን። መልሳቸው ሲደርሰን ሳንቀንስ እናትማለን።